የወፍጮ ድምፅ፣ የራዲዮ ድምፅ፣ የጓዳ ዝማሬ

ነቢዩ ኤርምያስ በይሁዳ ላይ የሚመጣውን ፍርድ ሲናገር ከምድሪቱ የሚጠፉትን ድምፆች ይዘረዝራል (ኤር. 25፥10)። የደስታ ድምፅ ይጠፋል፤ የሙሽራና የሙሽሪት ድምፅም ይጠፋል። እስከዚህ ድረስ የምንጠብቀው ነው፤ ሐዘን የገባበት አገር ሰርግና ዘፈን አይሰማበትም። ነቢዩ ግን በዚያው ዝርዝር ውስጥ የወፍጮን ድምፅ ይጨምራል። ወፍጮ መዝሙር አይደለም፣ ስብከትም አይደለም። ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋተግ የሚሰማ ተራ ድምፅ ነው። ታዲያ ለምን ከሙሽሪት ድምፅ ጋር ተቆጠረ?

በእጅ ወፍጮ የሚኖር ሕዝብ መልሱን ያውቀዋል። ማለዳ የወፍጮ ድምፅ የሚሰማበት ቤት እህል አለው፤ የሚፈጭ ሰው አለው፤ ዛሬ የሚበላ ቤተሰብ አለው። ድምፁ ከጠፋ ወይ እህሉ አልቋል፣ ወይ ሰዎቹ የሉም። እግዚአብሔር የሕዝቡን ሕይወት በቤተ መቅደሱ መለከት ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ጓዳ በሚሰማው ድምፅም እንደሚያየው ከዚህ እንረዳለን። የዮሐንስ ራእይም ስለ ባቢሎን ውድቀት ሲናገር ይህንኑ የወፍጮ ድምፅ ያነሣዋል (ራእ. 18፥22)።

የአገራችንን የወንጌል አማኞች ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንማረው በድርጅቶች ስም፣ በሚሲዮናውያን መምጫ ዓመትና በሕንፃ ምረቃ ነው። ይህ አስፈላጊ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ያንኑ ታሪክ በቤት ውስጥ ድምፆች በኩል እንመልከተው። እንዲህ ስናየው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ወንጌል በመካከላችን ሥር የሰደደው በተራ ቤት ተራ ድምፅ ነው። አደባባዩ ዝም በተባለ ጊዜም ቤተ ክርስቲያንን ያቆያት ይኸው የቤት ድምፅ ነበር።

የአስቴር ጋኖ ጆሮ

አናሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ ስለተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሙሉው መጽሐፍ በስዊዘርላንድ አገር በቅዱስ ክሪሾና እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። አናሲሞስ የተወለደው በኢሉባቦር ነው፤ ገና በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1870 ምፅዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማረ። እንግዲህ አስቡት። በልጅነቱ ከቤቱ የተነጠቀ ሰው፣ የእግዚአብሔርን ቃል በዚያ ቋንቋ ሊጽፍ ተነሣ።

እዚህ ላይ አስቴር ጋኖ ትመጣለች። እርሷም በልጅነቷ በባርነት የወደቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዐረብ ምድር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ የጣሊያን መርከብ ይዞ አስጣላት፤ በምፅዋ አቅራቢያ ወዳለው የእምኩሉ ትምህርት ቤትም ተላከች። አስቴር ንብረት አልነበራትም፤ ወላጅም በአጠገቧ አልነበረም። በጆሮዋ ያለው ግን አልተወሰደባትም። በአገሯ ስትሰማቸው ያደገቻቸውን ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አባባሎችና እንቆቅልሾች ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፤ ቁጥራቸው 500 ያህል ደረሰ። ከእነዚህ 79ኙ እ.ኤ.አ. በ1894 ከአናሲሞስ ጋር ባሳተሙት የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሙም ሥራ የእርሷ የቋንቋ ሀብት ትልቅ ድርሻ ነበረው።

እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? ከትምህርት ቤት አይደለም። ሴቶች ሲፈጩና ሲወቅጡ፣ ልጅ ሲያባብሉ፣ ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሲያወጉ ከሚሰማው ነው። አንዲት ልጅ በቤቷ የሰማችው ድምፅ ባርነትንና ባሕርን ተሻግሮ፣ የእግዚአብሔር ቃል ለሕዝቧ እንግዳ በማይሆን ቋንቋ እንዲነገር አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1904 አናሲሞስና አስቴር ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ሲያስተምሩ፣ ሰሚው የሰማው ቃል በገዛ ቤቱ ቋንቋ የተነገረ ነበር።

መጽሐፍ ያልነበራቸው ሰሚዎች

ሐዋርያው ጳውሎስ እምነት ከመስማት እንደሚመጣ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል (ሮሜ 10፥17)። የወላይታ ታሪክ የዚህ ማስረጃ ነው። ከእነ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ጋር ወደ ደቡብ የመጡት ሚሲዮናውያን ሥራ የጀመሩት በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ደክመው በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ወራሪ ኃይል ከሶዶ ሲያስወጣቸው፣ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። በእጃቸው የነበረውም በቋንቋቸው የተተረጎመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነበር። መሪዎቻቸው ተገረፉ፣ ታሰሩም።

ከነፃነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኟቸው አማኞች ወደ 10,000 ይገመቱ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት የስብከት መድረክ አልነበረም፤ ማተሚያ ቤትም፣ ድምፅ ማጉያም አልነበረም። የነበረው የሰው አፍና የሰው ጆሮ ነው። አንዱ የሰማውን ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ዘመዶቹ ወዳሉበት ቀበሌ ይዞ ይሄዳል። በደቡብ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም የምንሰማው፣ አንዱ የሚያወጣውና ሌላው የሚቀበለው አዘማመር ለዚህ ምቹ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው መዝሙሩን እየተቀበለ ትምህርቱን ይይዛል፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ እርሱ ያወጣል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። መጽሐፍ ያልደረሰበት ቤት ዝማሬ ደረሰበት።

ከራዲዮኑ የወጣው ድምፅ

የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት አንድ የራዲዮ ጣቢያ ተመረቀ። ባለቤቱ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ግን «ብሥራተ ወንጌል» በሚለው ስሙ ነው። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ከአፍሪካ አልፎ እስከ መካከለኛው ምሥራቅና እስያ በበርካታ ቋንቋዎች ያስተላልፍ ነበር። ስብከት ብቻ አልነበረም፤ ሰፊው ጊዜ የጤና፣ የእርሻ፣ የትምህርትና የዜና ነበር። በአገር ቤትም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምሥራች ድምፅ ስቱዲዮ ዝግጅት ያቀርብለት ነበር።

ራዲዮን የቤት ድምፅ ያደረገው ትንሹ የባትሪ ድንጋይ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት መንደር አንድ ሰው ራዲዮ ከገዛ ጎረቤቱ ሁሉ ማታ ማታ እዚያ ይሰበሰባል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራና ደግሞ ይሠራል። የአጭር ሞገድ ድምፅ ጥርት ያለ አይደለም። አንዴ ይርቃል፣ አንዴ ይቀርባል፤ ነፋስ የያዘው ይመስላል። ስለዚህ ሰሚው ጆሮውን አስጠግቶ፣ ልጆቹን ዝም አሰኝቶ መስማት ነበረበት። ወደ ጸሎት ቤት ደጃፍ ቀርቦ የማያውቅ ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ወንጌልን ሰማ።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ጣቢያውን ወረሰ። የዚያን ዕለት ራዲዮኑን የከፈተ ሰው በዚያው ሞገድ ሌላ ስም ሰማ፤ ጣቢያው «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ማሰራጫው ያው ነው፣ ሞገዱም ያው ነው፤ መልእክቱ ግን ተለወጠ።

መሣሪያ በባለቤቱ እጅ ያለ ነገር ነው፤ ይወረሳል። በየቤቱ የተሰማው ቃል ግን ተመልሶ አልተወረሰም። የለመደ ጆሮም ፍለጋውን አላቆመም። ብዙዎች ከሲሸልስ ደሴቶች በአማርኛ ጭምር ያስተላልፍ የነበረውን የፌባ ራዲዮ የሞገድ መምረጫውን ቀስ ብለው እያዞሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ይከታተሉ ነበር።

በር ሲንኳኳ

የአማኞች ስብሰባ የተከለከለው በደርግ ዘመን ብቻ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በ1964 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች በአምልኮ ላይ እንዳሉ ተይዘው ታስረዋል። በደርግ ጊዜ ግን መዘጋቱ ሰፋ። ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. እሑድ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ። መሪዎቿም ታሰሩ፤ ከመካከላቸው ከአራት ዓመት በላይ በእስር የቆዩ አሉ። የሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት በሮች በየቦታው ታሸጉ።

የዚያን ጊዜ አባቶችና እናቶች በየአጥቢያችን አሉ። ሲተርኩ አስተውላችሁ ከሆነ ታሪካቸው በድምፅ የተሞላ ነው። በየቤቱ በጥቂት ቁጥር ይሰበሰቡ ነበር። አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ረከቦቱ ይቀርባል፤ ቡናው ይወቀጣል፤ ድንገት ሰው ቢመጣ ጎረቤት ቡና የተጠራራ ይመስላል። መጽሐፉ ከመሶቡ ሥር ወይም ከፍራሹ በታች ይሆናል። ይዘምራሉ፤ ግን ግድግዳውን በማያልፍ ድምፅ። ያጨበጭባሉ፤ ግን እጅ ለእጅ ሳይነካካ። ከደጅ የእግር ኮቴ ሲሰማ መዝሙሩ ይቆማል፤ ኮቴው ሲያልፍ ከቆመበት ይቀጥላል።

በር ሲንኳኳ ደግሞ ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። የቀበሌ ጥበቃ ይሁን ወንድም፣ የሚለየው ከማንኳኳቱና ከድምፁ ነው። ይህ ለአዲስ ኪዳን አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ጴጥሮስ ከእስር ወጥቶ በማርያም ቤት ደጃፍ ሲያንኳኳ፣ ሮዴ የተባለችው ልጅ ገና ሳታየው በድምፁ አወቀችው። ከደስታዋ ብዛት በሩን ሳትከፍት ሮጣ ለጸላዮቹ ነገረች። እነርሱ ግን አላመኗትም፤ ጴጥሮስ ደግሞ ውጭ ቆሞ ማንኳኳቱን ቀጠለ። ይህን ክፍል በደርግ ዘመን በጓዳ ያነበበ ሰው የሚሰማው እኛ በአዳራሽ እንደምንሰማው አልነበረም። በሩን ያውቀዋል፤ ማንኳኳቱን ያውቀዋል፤ ወንድሙ ታስሮ ማታ የሚጸልይ ሰው ነው።

ከዚህ ሹክሹክታ ምን ወጣ? የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በተዘጋችበት ዓመት 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። በ1983 ዓ.ም. በሮቿ ሲከፈቱ ወደ 34,000 ደርሰዋል። ዘጠኝ ዓመት ያለ አዳራሽ፣ ያለ ምልክት ሰሌዳ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ አለፈ፤ ቁጥሩ ግን ሰባት እጥፍ ተቃረበ። ኤልያስ በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔርን በነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ አላገኘውም፤ ከሁሉ በኋላ በመጣው ዝግ ባለ ድምፅ ግን ፊቱን በመጎናጸፊያው ሸፍኖ ቆመ (1ኛ ነገ. 19)። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ያንን ምዕራፍ በሕይወቷ አልፋበታለች።

የካሴቱ ክር

በዚያው ዘመን ሌላ ድምፅ ነበር፤ የቴፕ ሪከርደር ቁልፍ ሲጫን የሚሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ፣ ከዚያም መዝሙሩ እስኪጀምር የሚቆየው ሽውታ። የመዘምራንና የነጠላ ዘማሪዎች መዝሙሮች በካሴት እየተቀዱ ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ገጠር ይተላለፉ ነበር። አንዱ ካሴት ወደ ሌላው ይገለበጣል፤ ያም ወደ ሌላ። በተገለበጠ ቁጥር ድምፁ ይደክማል፤ ሽውታው ይጨምራል። ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ ይጠነጠናል፤ ሲበጠስም ተጣብቆ ይቀጥላል።

ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። እርሱ በእስር ቤት ሳለ መዝሙሮቹ እርሱ በማያውቃቸው ቤቶች ይሰሙ ነበር። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ በእኩለ ሌሊት ሲዘምሩ እስረኞቹ ያዳምጧቸው እንደነበር ተጽፏል (ሐዋ. 16፥25)። በእኛ አገር ደግሞ ዘማሪው በወኅኒ ሳለ በውጭ ያሉት ያዳምጡት ነበር። በወታደር ካምፕ፣ በተማሪዎች ማደሪያ፣ በሱቅ ጀርባ፣ ያ የደከመ ካሴት ብዙዎችን አጸና። ስብሰባ መበተን ይቻላል፤ ሰው በልቡ የያዘውን ዜማ ግን ማን ያስፈታዋል?

የእኛ ዘመን ድምፅ

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። አዳራሾቻችን ሰፊ ናቸው፤ ድምፅ ማጉያዎቻችን ኃይለኛ ናቸው፤ መዝሙር በስልካችን ሞልቷል። ይህ ስጦታ ነው። ጮክ ብሎ ማምለክ ራሱ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው። በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌም ደስታ እስከ ሩቅ ተሰምቷል (ነህ. 12፥43)፤ መዝሙር 150 ጸናጽሉንም መለከቱንም ይጠራል። በሹክሹክታ ሲዘምሩ የኖሩት ወላጆቻችን በ1983 ዓ.ም. በአደባባይ ድምፃቸውን ሲያሰሙ ያለቀሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤርምያስ በምዕራፍ 25 የጠፋውን ድምፅ በምዕራፍ 33 ደግሞ ተመልሶ እንደሚሰማ ተስፋ ይሰጣል፤ እነርሱም ያንን ተስፋ ሲፈጸም አይተዋል።

ጥያቄው ሌላ ነው። እሑድ በአዳራሽ የሚሰማው ድምፅ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቤታችን አለ ወይ? ከላይ ያየናቸው ሁሉ፣ የአስቴር ትዝታ፣ የወላይታው ቅብብሎሽ፣ የመንደሩ ራዲዮ፣ የጓዳው ጸሎት፣ የተደጋገመው ካሴት፣ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። አንድ ሰው ድምፁን አወጣ፤ ሌላው በጥሞና ሰማ፤ የሰማውም ተራውን ለሌላ አሰማ። ዛሬ በአንድ ቤት አራት ሰው አራት ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ ይቀመጣል። መዝሙሩ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ የሚያወጣው፣ ሌላው የሚቀበለው ግን የለም። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ አምልኮ ካለን ወላጆቻችን ካቆዩልን ነገር ዋናውን ጥለናል ማለት ነው። ጳውሎስም ፍቅር የሌለው አንደበት ከሚጮህ ናስ እንደማይሻል አስጠንቅቋል (1ኛ ቆሮ. 13፥1)። ናሱ ይጮኻል፤ ግን ማንንም አይመግብም። ወፍጮው ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ ቤቱ ግን ይበላል።

ስለዚህ በየወጣት ኅብረታችሁ ሁለት ነገር እንድታደርጉ አሳስባለሁ።

አንደኛው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ምሽት በቤታችሁ ወይም በኅብረታችሁ ያለ መሣሪያ ዘምሩ። አንዱ ያውጣ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ። የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጮክ ብሎ ይነበብ፤ የሚያዳምጠው ስልኩንና መጽሐፉን ዘግቶ በጆሮው ብቻ ይከተል። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ያስፈራል። ጥቂት ቆይታችሁ ግን የእናታችሁን ድምፅ፣ የታናሽ ወንድማችሁን ድምፅ በመዝሙሩ ውስጥ መለየት ትጀምራላችሁ። ሮዴ ጴጥሮስን በድምፁ ያወቀችው አብራው ስትጸልይ ስለኖረች ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጊዜ አይሰጥም። በደርግ ዘመን ወጣት የነበሩት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በየዓመቱም እየተለዩን ነው። ካሴቶቹም በየቁም ሣጥኑ እየሻገቱ፣ ክራቸውም እየደረቀ ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እትዬ ወይም ጋሼ የምትሏቸውን በአጥቢያችሁ ያሉ ሽማግሌ አስፈቅዳችሁ ቅረጿቸው። «በየትኛው ቤት ትሰበሰቡ ነበር? በር ሲንኳኳ ምን ታደርጉ ነበር? ቀስ ብላችሁ ትዘምሩት የነበረው መዝሙር የትኛው ነው? እስቲ እንደዚያን ጊዜ አድርጋችሁ ዘምሩልን» በሏቸው። የደከመ ድምፅ ይሆናል፤ መሐል ላይ ሳል ይገባበት ይሆናል፤ ከጓዳ የሙቀጫ ድምፅ ይቀላቀልበት ይሆናል። አትቁረጡት። ሁሉንም ቅረጹ፤ ቀኑንና የቤተ ክርስቲያኑን ስም ጻፉበትና በአጥቢያችሁ መዝገብ ቤት አስቀምጡ።

አስቴር ጋኖ በልጅነቷ የሰማችውን ባትጽፈው ኖሮ ብዙው ከእርሷ ጋር ይቀበር ነበር። እናንተም የምትሰሙት እንዲሁ ነው፤ የሰማ ይጻፈው፣ የተቀበለም ተራውን ያውጣ።